ቴምብሩ ከፖስታው ይነሣ ወይስ ከነፖስታው ይቀመጥ?

የውይይቱ ክር (ጥያቄውና ምላሾቹ) ረዝሟል። አሁን የሚገባ ሰው ከየት እንደሚጀምር ይቸገራል። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅኩትን፣ ከዚያም በየተራ የመጡትን ምላሾች በራሴ አነጋገር አንድ ላይ አስቀምጫለሁ። ማን ምን እንዳለ ላለማዛባት ሞክሬያለሁ። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ።

የመክፈቻው ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ባለፈው ወር ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለውን የእናቴን ቤት ስናጸዳ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወረድን። ስከፍተው የአባቴ ደብዳቤዎች ናቸው። አባቴ አሰብ ወደብ ላይ ይሠራ ነበር። እኛ ከእናታችን ጋር ደሴ ነበርን። ቤታችን ስልክ አልነበረም። አባቴ ስለ ራሱ የምንሰማው በመኪና በሚመጣ ሰው አለዚያም በፖስታ ነው። ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። የእጅ ጽሑፉን ሳይ ግን ድምፁን የሰማሁ መሰለኝ።

ከፖስታዎቹ አንደኛው ላይ የተለጠፈው ቴምብር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት 25ኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። ማህተሙ ስለሸፈነው ስዕሉ በደንብ አይለይም። ጽሑፉ ግን ይነበባል። ማህተሙ ላይ ደግሞ «አሰብ» የሚለው ጎልቶ ወጥቷል። ውስጡ ያለው ደብዳቤ የተጻፈው በሐምሌ 1980 ዓ.ም. ነው። ድርጅቱ የተመሠረተው ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ስለሆነ 25ቱ ዓመት ልክ ይመጣል። ቴምብሩ ያኔ ገና አዲስ ነበር ማለት ነው።

ልጄ ቴምብር መሰብሰብ ጀምራለች። ይህንን ስታይ ዓይኗ በራ። ውሃ ውስጥ ነክረን እንንቀለውና አልበሟ ውስጥ ይግባ? ወይስ ከነፖስታው ይቆይ? ልቤ ሁለት ሆነ።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር። ልጅ ሆኜ እኔም ቴምብር እሰበስብ ነበር። ቆርቆሮው ውስጥ ካሉት ፖስታዎች የአሥራ አንዱ የቀኝ ጥግ በመቀስ ተቆርጧል። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ቴምብሮቹ ዛሬ የት እንዳሉ አላውቅም። ለዚህ ነው ይህንን ከመንካቴ በፊት የምጠይቀው።

ምላሾቹ

1ኛው ምላሽ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጨዋ ሰው ነው። መጀመሪያ ለአባቴ ነፍስ ይማር አለ። ቀጥሎ አነቃቀሉን አንድ በአንድ አስረዳኝ። ቴምብሩ ያለበትን የፖስታ ጥግ ሰፋ አድርጎ መቁረጥ። ለብ ያለ ውሃ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ማንሳፈፍ። ሙጫው ሲለቅ ራሱ ይንሸራተታል፤ መጎተት የለም። ከዚያ በወረንጦ አንሥቶ ንጹሕ ወረቀት ላይ ማድረቅ፣ እንዳይጠቀለልም ከባድ መጽሐፍ መጫን። ጥርሱን፣ ማለትም ዙሪያውን ያለውን የተበሳሳ ጠርዝ፣ አደራ እንዳትጎዱት አለ። አንድ ጥርስ የጎደለው ቴምብር ዋጋ የለውም ብሎ ጨረሰ። ልጄ ይህን አንብባ ውሃ ልትጥድ ተነሥታ ነበር።

2ኛው ምላሽ አስቆማት። የጻፉት የደሴ ትልቅ ሰው ናቸው። ደርሰውበት አያውቁም እንጂ እኔ ከዚህ ቀደም የጻፉትን ሁሉ አነባለሁ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። እንዲህ አስረዱ። የ25ኛው ዓመት ቴምብር አንድ ብቻ አልታተመም። ያው ቴምብር በየሰው አልበም አለ። ከአሰብ ተነሥቶ በዚያ ክረምት ደሴ የገባ፣ በአባትሽ እጅ አድራሻው የተጻፈ ፖስታ ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ሰብሳቢ የሚባል ሰው ቴምብሩን፣ ማህተሙን፣ አድራሻውንና ቀኑን አንድ ላይ ነው የሚያየው። ከዚያ አንድ ነገር እንዳደርግ ጠየቁኝ፤ ፖስታውን አውጥቼ ማህተሙ የት ላይ እንዳረፈ እንዳይ። አየሁት። ክቡ ማህተም ግማሹ ቴምብሩ ላይ ነው፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ። «ሰብ» የሚለው ቴምብሩ ላይ ወድቋል። «አ» ፖስታው ላይ ቀርቷል። ቴምብሩን ብነቅለው የከተማው ስም ለሁለት ይከፈላል። ይህን ካየሁ በኋላ እኔ በበኩሌ ወስኜ ነበር። ልጄ ግን አላመነችም። ክሩም ገና መጀመሩ ነበር።

3ኛው ወጣት ነው። ቴምብር ማለት ውል ላይ የሚለጠፈው አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። እሱ የሚያውቀው የቴምብር ቀረጥን ነው። በሕይወቱ ደብዳቤ ልኮ አያውቅም። አንዳንዶች ሊስቁበት ሞከሩ። እኔ ግን ጥያቄው ተገቢ ነው ባይ ነኝ። በቴሌግራም የሚላላክ ልጅ ከየት ያውቀዋል?

4ኛው መለሰለት፤ መልሱም ረጅምና ጥሩ ነበር። ቴምብር ማለት ተከፍሏል ማለት ነው አለ። እንግሊዞች በ1840 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ከማውጣታቸው በፊት አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ደብዳቤው የሚደርሰው ሰው ነበር። ቴምብር ሒሳቡን ወደ ላኪው አዞረው። ወደ አገራችን ሲመጣም ምኒልክ ፖስታን በ1886 ዓ.ም. አቋቋሙ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ነው የታተሙት። ሰባት ዓይነት ነበሩ። አራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ ሦስቱ ላይ አንበሳ። ነገር ግን ያ ቴምብር ከአገር ውጪ ብቻውን አይሄድም ነበር። ኢትዮጵያ ገና የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል አይደለችም። ስለዚህ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳዮቹን ቴምብር ጭምር መለጠፍ ነበረበት። ኅብረቱ በ1874 እ.ኤ.አ. በርን ላይ በ22 አገሮች ተመሠረተ። ኢትዮጵያ በ1908 እ.ኤ.አ. ገባች። ከዚያ ወዲህ ደሴ ላይ የተለጠፈ ቴምብር ቶኪዮም ሮምም ያደርሳል። የመንግሥታት ድርጅት ማለት ለተራው ሰው ምን ይፈይዳል የሚል ካለ መልሱ ይኸው ነው አለ። ይህን አባባሉን በጣም ወደድኩት። የአባቴን ቴምብር ያሳተመው የአፍሪካው ድርጅት በዓል ነው፤ ቴምብር ራሱ ድንበር እንዲሻገር ያደረገው ደግሞ ሌላ የመንግሥታት ድርጅት ነው።

5ኛው ትንሽ ጨመረበት። የምኒልክ ቴምብሮች ላይ ያለው ጽሑፍ አማርኛ ብቻ እንደነበር አስታወሰ። የኅብረቱ ደንብ የአገር ስም በላቲን ፊደልም እንዲጻፍ ያዛል። ከዚህ ነፃ የሆነችው እንግሊዝ ብቻ ናት፤ ጀማሪዋ እሷ ስለሆነች የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ መልክ ይበቃታል። 3ኛው ወጣት ሁለቱንም አመሰገነ። ቁጥር አልተሰጠውም እንጂ እሱም እንደ ምላሽ ይቆጠር።

6ኛው ላይ ነገሩ ወደ ድርጅቱ ታሪክ ዞረ። ጸሐፊው አዲስ አበባ የሚኖር የኮምቦልቻ ልጅ ነው። በጣም ስሜት ባለው አነጋገር ጻፈ። ንጉሠ ነገሥቱ የአፍሪካ አዳራሽን ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ብለው እንዳሠሩትና 53 አገሮች እዚያ እንደፈረሙ አተተ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ድርጅቱ ኅብረት ሆነ አለ።

7ኛው አልማረውም። ሦስት ስሕተት በአንድ አንቀጽ ብሎ ጀመረ። አዳራሹ የተሠራው ለተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነው። የመረቁትም በ1953 ዓ.ም.፣ ድርጅቱ ከመወለዱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ። ንድፉን የሠራው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። የመስታወቱ ሥራ የአፈወርቅ ተክሌ ነው፤ 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ቻርተሩን የፈረሙት ደግሞ 32 አገሮች ናቸው። በዚያን ጊዜ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ገና በቅኝ ግዛት ሥር ስለነበሩ 53 ሊሆን አይችልም። ኅብረቱም ድርጅቱን የተካው በሐምሌ 1994 ዓ.ም. ደርባን ላይ ነው። በ2005 የተከበረው 50ኛው ዓመት ነው እንጂ ምሥረታ አይደለም። ያለው ሁሉ ትክክል ነው። አባባሉ ግን ሰው ፊት ላይ በር እንደመዝጋት ነበር። ሳያጣራ የሚጽፍ ሰው ዝም ቢል ይሻላል የሚል ነገርም ጨመረ። ያ አያስፈልግም ነበር።

8ኛው የ6ኛው ሰው መልስ ነው። እርማቱን ተቀበለ። ከት/ቤት ያመጣውን ደግሞ እንደጻፈ ተናገረ። ሰው ሲሳሳት በጨዋ ደንብ ማረም እንደ ወሎ ሰው ይጠበቅብናል አለ። ብዙ ሰው ደገፈው። እኔም ደግፌዋለሁ።

9ኛው ነገሩን አበረደው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በ1955 ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። መምህራቸው ጥቁር ሰሌዳው ላይ የአፍሪካን ካርታ በጠመኔ ስለው ነፃ የወጣውን አገር ሁሉ እየጠሩ ያስሞሏቸው እንደነበር አጫወቱን። ልጆቹ ስሙን ሲጨርሱ ሰሌዳው ላይ ገና ባዶ የቀረ ቦታ ነበር። ከዚያ የአፍሪካ አገሮች ያኔ ስለተከፈሉባቸው ስለ ካዛብላንካና ስለ ሞንሮቪያ ቡድኖች ጻፉ። የካዛብላንካው ወገን አሁኑኑ አንድ መንግሥት እንሁን ይላል። የሞንሮቪያው ቀስ በቀስ፣ በመጀመሪያ በትብብር ይላል። እነዚህን ሁለት ወገኖች አንድ አዳራሽ ለማስገባት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቶ ከተማ ይፍሩ ምን ያህል እንደደከሙ አስታወሱን። የእሳቸው ስም ብዙ አይነሣም። መምህሩ ስላነሡት ደስ አለኝ። ድካም የሚባለው ነገር አንዳንዴ ቴምብር ላይ አይወጣም።

10ኛውን ሳነብ እንባዬ መጣ። የጻፉት አሁን ኮምቦልቻ የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ረዳት የነበሩ ሰው ናቸው። በኤንትሬ ፊያት ነበር የሚመላለሱት። ከአሰብ ሲነሡ የወደቡ ሠራተኛ መኪናውን ከቦ ደብዳቤ ያስይዛቸዋል። ቡሬ፣ ማንዳ፣ ሰርዶ፣ ሚሌ፣ ባቲ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ። ሙቀቱ ወረቀቱን እንዳያበላሸው ደብዳቤውን በጨርቅ ጠቅልለው ከወንበሩ ሥር ያስቀምጡት ነበር። ባቲ ሲደርሱ ነፋሱ ይለወጣል። ሐረጎን ወጥተው ደሴ ሲገቡ ደግሞ ከጦሳ የሚወርደው ጉም ይቀበላቸዋል። አሰብ ላይ ሸሚዝ አውልቀው የነበሩት ሰዎች ደሴ ላይ ጋቢ ይፈልጋሉ። ብዙው ሰው በመኪና የላከውን ይመርጥ ነበር፤ ቶሎ ይደርሳልና። በፖስታ ቤት የሚልከው ብር ያለበት ወይም አደራ የሚበዛበት ሲሆን ነው አሉ። ይህን ሲሉ አንድ ነገር ገባኝ። የዚያ ደብዳቤ ውስጡ የሦስታችንን የትምህርት ቤት ልብስ ልክ የሚጠይቅና መስከረም ሳይጠባ እንድንመልስለት የሚያስጠነቅቅ ነው። አባቴ ይህን ለመኪና ረዳት አላመነም። ቴምብር ገዝቶ ለጠፈበት።

ደብዳቤው ደግሞ እንደ ሁሉም የዚያ ዘመን ደብዳቤ ነው የሚጀምረው። ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ፣ እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። ልጅ ሳለሁ ይህ ቃል ሁሉም የሚጽፈው ስለሆነ ምንም አይመስለኝም ነበር። አሁን ሳነበው «ከናፍቆታችሁ በስተቀር» የሚለው ላይ እቆማለሁ።

11ኛው ክሩን አጋለው። ማህተሙ ላይ «አሰብ» የሚለውን ይዞ ወደቡ የእኛ ለመሆኑ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ ብሎ ተነሣ። 12ኛው ወዲያው ተቃወመው። ቴምብር የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ አይደለም አለ። ቴምብሩ የሚዘክረው ድርጅት ራሱ በ1956 ዓ.ም. ካይሮ ላይ አገሮች ነፃ ሲወጡ የነበረውን ድንበር እናክብር ብሎ መወሰኑን አነሣ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝብ ድምፅ መስጠቱንም ጨመረ። 11ኛው ሰውዬ ያው የካይሮ ውሳኔ የሚጠቅመው ለእኔ ክርክር ነው ብሎ መለሰ። ከዚያ ስድብ መጣ። የእናት ስም ተነሣ። 13ኛውና 14ኛው ምላሽ ዛሬ የሉም፤ አስተዳዳሪው አጥፍቷቸዋል። ቁጥሩ የዘለለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ እኔም ጣልቃ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር አዝኜ ነበር። የአባቴ ፖስታ ለጠብ ማገዶ እንዲሆን አይደለም ያወጣሁት። አባቴ አሰብ ላይ የትግርኛም የአፋርኛም ተናጋሪ ጓደኞች ነበሩት። ሲታመም ያስታመሙት እነሱ ናቸው። ቡናም ሐዘንም አብረው ነው። ስለ ወደቡ መነጋገር የሚፈልግ ሌላ ክር ይክፈት፤ ይህ ክር ስለ አንድ ፖስታ ነው አልኩ። 12ኛው ይቅርታ ጠየቀ። 11ኛው ዝም አለ።

15ኛው አጭር ነው። ኮምቦልቻ የምትኖር እህት ናት። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ሲመለሱ ዕቃው ተበትኗል። ቴሌቪዥኑ መሄዱ አላናደዳትም። የእናቷ የሠርግ ፎቶና የወንድሟ ደብዳቤዎች ግቢው ውስጥ ጭቃ ላይ ተረግጠው አገኘቻቸው። ቀለሙ ታጥቦ ነበር። አንድ ምክር ብቻ ሰጠችኝ። ከምንም በፊት ሁሉንም በስልክሽ ፎቶ አንሺ። የፖስታውን ፊትና ጀርባ፣ የደብዳቤውን እያንዳንዱን ገጽ። ከዚያ ለሁለት ሰው ላኪው። ከዚህ ምላሽ በኋላ ለተወሰነ ሰዓት ማንም አልጻፈም። እኔ በዚያው ሌሊት ተቀምጬ ሁሉንም አነሣሁ። 43 ፖስታ ነው። ለወንድሜና ለእህቴ ላክሁ።

16ኛው ገዥ ነው። ቆርቆሮውን እንዳለ በጥሩ ዋጋ እወስደዋለሁ፣ በውስጥ አነጋግሪኝ አለ። 17ኛው ዘለለበት። የሰው ትዝታ በኪሎ የምትገዙ እናንተ ናችሁ አለው። እኔንም አስጠነቀቀኝ። የ1980ው ቴምብር ብርቅ አይደለም፤ ብዙ ዋጋ አለው የሚልሽ ሰው ወይ አያውቅም ወይ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው አለ።

18ኛው የገዥው መልስ ነበር። ተቆጥቷል። ግን ቁጣው ውስጥ እውነት አለ። ስንት ደብዳቤ፣ ስንት ፎቶ፣ ስንት የድሮ ጋዜጣ የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ እንደቀረ አይተሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። እሱ ገበያ ዞሮ ወረቀት ከቸርቻሪ እጅ እየገዛ ነው ያዳነው። በንጉሡ ዘመን፣ በ1955፣ ለጉባኤው የታተመውን ቴምብር ከነፖስታው ያገኘው የበርበሬ ሱቅ ውስጥ ተቀዶ ሊጠቀለልበት ሲል ነው። ሻጭ ቤተሰብ ባይኖር የሚገዛ አይኖርም አለ። ይህ ከነከነኝ። እኔ አልሸጥለትም። ይሁንና ሌባ አልለውም። ጥፋቱ መጀመሪያ ቤታችን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ የእኔው መቀስ ምስክር ነው።

19ኛው ወደ ሥራ መለሰን። ጥንቅቅ አድርጋ የምትጽፍ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ደሴ ጉምና እርጥበት እንደሚበዛት፣ ወረቀት ደግሞ እርጥበት እንደሚጠጣ አስረዳች። ርካሽ ላስቲክ ውስጥ አታስገቡ፤ ከጊዜ በኋላ ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል። ስኮች አትለጥፉ። በስቴፕለር አትምቱ፣ አግራፍም አትያዙ፤ ይዝጋል። ግድግዳ ላይ በመስታወት ሰቅሎ ፀሐይ ማስመታት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ንጹሕ የወረቀት ፖስታ ውስጥ አስገብቶ ደረቅ ካርቶን ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ። ብል እንዳይገባ በየጊዜው መክፈትና ማየት። ማስታወሻ መጻፍ ካስፈለገም በእርሳስ፣ በአዲሱ መያዣ ላይ እንጂ በአሮጌው ፖስታ ላይ አይደለም። የብስኩት ቆርቆሮውንስ ብዬ ጠየቅኳት። ውስጡ ዝገት ከሌለው ይሁን፤ ካለው ቆርቆሮውን ለእናትሽ መልሽላት አለች። ዝገት ነበረው።

20ኛው ሲመጣ ገረመኝ። 1ኛው፣ አነቃቀሉን ያስተማረኝ የኮምቦልቻው ሰው ነው። ሐሳቡን መለሰ። የጋሼን ምላሽና የረዳቱን ታሪክ ካነበበ በኋላ እንቅልፍ እንዳልወሰደው ጻፈ። እሱም በልጅነቱ የአጎቱን ፖስታዎች ሁሉ ነክሮ ነቅሏል። አልበሙ ቆንጆ ነው። ከየት እንደመጡ ግን አንዱንም አያውቅም። ከዚያ መፍትሔ አመጣ። የዚያው የ25ኛ ዓመት ቴምብር የተነቀለ፣ ንጹሕ፣ ሁለት ፍሬ አለው። አንዱን ለልጅሽ እሰጣታለሁ አለ። ፖስታው እንዳለ ይቆይ፤ እሷም አልበሟ አይጉደል። ልጄ ይህን ስነግራት ጮኸች። ስዕሉንም ማህተም ሳይሸፍነው ታየዋለች። ቅዳሜ ኮምቦልቻ እንወርዳለን።

21ኛው የጋሼ ነው። ተደስተዋል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ እስካሁን ማንም አላነሣውም። ጥጋቸው የተቆረጠውን አሥራ አንዱን ፖስታ ምን አደረግሽው? እንዳትጥያቸው አሉኝ። ማህተም ብዙ ጊዜ ከቴምብሩ ወደ ግራ ይተርፋል። ከቁርጡ ጠርዝ ላይ ጥቂት ቀለም ቀርቶ ይሆናል። ብርሃን በጎን እያበራሽ እዪው። ደብዳቤ ያለው ፖስታ ላይ አትድከሚ፤ ደብዳቤው ራሱ ቦታና ቀን አለው። ባዶውን ፖስታ ግን ፈልጊ።

22ኛው የእኔ ነው፤ እስካሁን የመጨረሻውም እሱ ነው።

አየኋቸው ጋሼ። ከአሥራ አንዱ አሥሩ ደብዳቤ አላቸው። አንዱ ባዶ ነው። እንዳሉኝ የስልኬን መብራት በጎን አበራሁበት። ከቁርጡ አጠገብ የክቡ ጠርዝ አለ። ከክቡ ውስጥ አንድ ፊደል ብቻ ቀርቷል። «አ» ነው። ቀሪው ከቴምብሩ ጋር ሄዷል።

አሰብ ሊሆን ይችላል። አሥመራም በ«አ» ይጀምራል። አዲስ አበባም። ለእናቴ ወስጄ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አገላበጠችው። አባትሽ አንድ ጊዜ ታሞ አሥመራ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፣ ከዚያም ጽፎልኛል አለችኝ። በየት ዓመት እንደሆነ ጠየቅኳት። እሱን አላስታወሰችም። ፖስታውን መልሳ አልሰጠችኝም፤ ትራሷ ሥር አስገባችው።